ያልጎደለው ጠርሙስ

«አክስትሽን፣ ድስት አሳርሮ ሳይፈትጉ ማሳደር ከየት የመጣ ሙያ ነው ብላለች በያት።»

የአምስት ዓመቷ ልጅ ሰምታ ራሷን ትነቀንቅና ሁለቱን ክፍሎች የሚለየውን መጋረጃ ገልጣ ወደ ወዲያኛው ትገባለች። እዚያ የአባቷ ታላቅ እህት የሹራብ ማሽኗን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየገፋች የተማሪ ሹራብ ትሠራለች። ማሽኑ መንኳኳት ከጀመረ ከመጋረጃው ወዲህ ያለ ሰው የራሱን ሐሳብ እንኳ በቅጡ አይሰማም። ማሽኑ ለአፍታ ቀጥ ይላል፤ መልሶ ይነሳል፤ ልጅቷም ብቅ ብላ «እሺ ብላለች» ትላለች። አንዳንዴ ደግሞ «ደክሟት ይሆናል፣ የፈላ ሻይ አለ በያት ብላለች» የሚል ትጨምራለች። እናትየው ይህን ስትሰማ ከንፈሯን ትነክሳለች። ማር የተቀባ ሬት ነው ብላ ነው የምታስበው፤ ሻዩንም ሳትነካው ታድራለች።

ሁለቱ ሴቶች ከተኳረፉ አሥራ አንድ ሳምንት ሆኗቸዋል። ምክንያቱ የልጅቷ ጸጉር ነው። እናትየው አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ወገቧ ድረስ ይወርድ የነበረው የልጇ ጸጉር ጆሮ ግንዷ ላይ ተቆርጦ አገኘችው። ማን ፈቀደልሽ አለች። የወንድሜን ልጅ ለመንካት ፈቃድ አልጠይቅም ተባለች። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ የቤቱ ቃል ሁሉ የሚመላለሰው በልጅቷ አፍ ነው። አባትየው የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ከወር ሃያ ቀኑን መንገድ ላይ ነው፤ በስልክ «ኧረ እባካችሁ» ይላል፣ ከዚያ ኔትወርኩ ይቆረጥበታል ወይም ይቆርጠዋል። ጎረቤትም ስም ለማውጣት አልሰነፈም፤ ልጅቷን «ፖስታ» አላት። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ባንድ ጣሪያ ስር እንዲህ ሆነው ስንት ዓመት ሊዘልቁ እንደሚችሉ የሚያውቅ ያውቀዋል። ክፋቱ ፖስታ የታመመች ዕለት ነው።

ታመመችም። ባለፈው ቅዳሜ ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየና የሳንባ ምች ነው አለ። በጠርሙስ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ አዘዘላት፤ አምስት ሚሊ ጠዋት፣ አምስት ሚሊ ማታ፣ ለአሥር ቀን። «ተሻላት ብላችሁ በመሐል እንዳታቆሙ። ካገረሸባት አስተኝተን በመርፌ ነው የምናክማት» አለ። መድኃኒት ቤቱ ዱቄቱን በውሃ በጥብጦ ሰጠ። የመጀመሪያዋን እናትየው እዚያው አጠጣቻት፤ እሑድም ቤት ስለዋለች ጠዋትና ማታ ሰጠች። ልጅቷ አለቀሰች፣ ተንፈራገጠች፣ ፊቷን ጨመደደች፣ በመጨረሻ ግን ዋጠችው። ሰኞ ትኩሳቱ ወረደ፤ ቤቱም ወደ ልማዱ ተመለሰ። «አክስትሽን፣ መድኃኒቱ ጠዋትና ማታ አምስት አምስት ነው በያት።» «እሺ ብላለች።»

ሐሙስ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እናትየው ለሥራ ልትወጣ ስትል የልጇን ግንባር ዳሰሰች። ማታ ለብ ብሎ የነበረው አሁን ይፋጃል። ልጅቷ ዓይኗን ሳትገልጥ ሳለች፤ ሳሉ ትንሽ ሰውነቷን ከነብርድ ልብሱ አነሳው። እናትየው ቴርሞሜትሩን ልታወርድ ወደ መደርደሪያው ተንጠራራችና መንገድ ላይ የቆመውን የመድኃኒት ጠርሙስ ወደ ጎን ልታደርግ ያዘችው። እጇ ባለበት ቀረ።

ይህች ሴት ቀለም ቀያጭ ናት። በሥራ ቦታዋ «ጠብታ» ነው የሚሏት፤ እኛም እንደነሱ እንበላት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቆርቆሮ ስታነሳና ስታስቀምጥ ስለኖረች ክዳን ሳትከፍት በውስጡ ምን ያህል እንደቀረ በእጇ ታውቃለች፤ የሱቁ ባለቤት ከሚዛኑ ይልቅ የሚያምነው እሷን ነው። ጠርሙሱ ከበዳት። መስታወቱ ቡናማ ስለሆነ ከውጭ አያስታውቅም፤ አምፖሉ ስር ወስዳ አዘንብላ አየችው። እሑድ ማታ ከነበረበት ጠብ አላለም። ግማሽ ሊደርስ ይገባው ነበር፤ ገና አንገቱ ስር ነው።

መጀመሪያ የመጣባት ቁጣ ነው፤ ቁጣውም አድራሻ ነበረው። ከመጋረጃው ወዲያ ማሽኑ ገና አልተነሳም፤ አክስትየዋ ግን ነቅታ ነጠላ ጫማዋን በእግሯ ስትፈልግ ይሰማል። መካከላቸው ያለው ሦስት እርምጃ ነው። መጋረጃውን ገልጦ «ልጄ ምን ብታደርግሽ ነው መድኃኒቷን የከለከልሻት?» ለማለት ሦስት እርምጃ ይበቃ ነበር። ጠብታ ግን እንደ ልማዷ ወደ አልጋው ዞረች፤ መልእክተኛዋ በትኩሳት ተኝታለች። አፏ ላይ የመጣውን የሚያደርስላት ስላጣች መልሳ ዋጠችው። ሰው እንዲህ ይሆናል ወይ ብትሉ፣ ይሆናል። ኩርፊያ ሲከርም እግርም ያስራል።

ቀጥሎ የመጣባት የቀረውን ባንዴ መሙላት ነው፤ የሰኞን፣ የማክሰኞን፣ የረቡዕን። ክዳኑን ከፈተችና ያገኘችውን የሾርባ ማንኪያ ሞላች። አንዱን ሰጥቼ ሁለተኛውን እደግማለሁ፣ ሦስተኛውንም ከቻለች፣ ብላ ወደ አልጋው ልትራመድ ስትል የሥራዋ ሕግ ያዛት። ጥቁር አንዴ ከበዛ ከባልዲው ውስጥ መልሶ የሚያወጣው የለም። ነጭ ቢጨምሩበት ሌላ ባልዲ ይፈልጋል እንጂ ጥቁሩ አይወጣም። ልጇ ደግሞ ባልዲ አይደለችም። ማንኪያውን ደፍታ አጠበችው፣ ጠርሙሱን በላስቲክ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ለሚያውቅ ሰው ሳላሳይ አልነካውም አለች በልቧ። የልጇን ግንባር በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችና በሩ ላይ ቆማ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ጮክ ብላ «ይቺ ልጅ ትኩሳቷ ተነስቷል!» አለች። ግድግዳው አልመለሰም። ከመጋረጃው ወዲያ ግን የጫማ ፍለጋው ቆመ።

ሁለት አውቶቡስ ነው የምትይዘው። በመጀመሪያው ቆማ፣ በሁለተኛው አንድ ወፍራም ሰው ጎን ተጣብቃ ተቀምጣ፣ ቦርሳዋን እንደ ታቦት አቅፋ ሄደች። መንገዱን ሙሉ የምትናገረውን ስታዘጋጅ ነበር። ለባሏ ደውላ እህትህ ልጅህን ልትገድላት ነው ልትለው አሰበች፤ ከዚያ «እህትህ» የሚለውን በ«ያቺ ሰው» ቀየረችው፤ ከዚያ ደግሞ ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ መሪው ላይ ሆኖ ቢሰማ ምን ይሆናል ብላ ተወችው። ያለ ልጅ ከባሏ ቤት የወጣች ሴት የልጅ ነገር ምን ይገባታል የሚልም ሐሳብ መጣባት። ይህን እንኳ በፖስታም ቢሆን ልካው አታውቅም። ማሰቧ ራሱ አሳፈራትና በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች።

ከቀለም ሱቁ ፊት ለፊት አንድ መድኃኒት ቤት አለ። ፋርማሲስቱ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሽማግሌ ነው፤ አምና ግድግዳውን ሲያስቀባ «ሐኪም ቤት የማይመስል ነጭ» ፈልጎ ጠብታን ሦስት ቀን አስለፍቷታል፤ ከዚያ ወዲህ ወዳጆች ናቸው። በሩን ገና እየከፈተ ነበር። ጠርሙሱን ተቀበላት፣ ጽሑፉን አነበበ፣ የተበጠበጠበትን ቀን አየ፣ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ተመለከተ፣ ከዚያ እሷን ተመለከተ።

«ማነው የሚሰጣት?»

«አክስቷ።»

«ማታስ?»

«ማታም አክ…» ጠብታ ቆመች። «ማታስ እኔም ቤት ነኝ።»

«ታዲያ አንቺ አትሰጫትም?»

«ስገባ እጠይቃለሁ። መድኃኒትሽን ወሰድሽ ወይ እላታለሁ። አክስቴ ሰጥታኛለች ትለኛለች።»

«ማናት እንዲህ የምትልሽ?»

«ልጅቷ።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«አምስት።»

ሽማግሌው መነጽሩን አውልቆ በጋዋኑ ጫፍ ጠረገ። «መድኃኒቱ ይመራል፤ እኔም ቀምሼው አውቃለሁ። አንቺ አምስት ዓመትሽ ቢሆን ምን ብለሽ ትመልሺ ነበር? ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ሲባል አልሰማሽም? አክስቷንስ ጠየቅሻት?»

«አንነጋገርም።»

መነጽሩን መልሶ አድርጎ ጠርሙሱን መካከላቸው አቆመው። መንገዱን ሙሉ ያቀናበረችው ክስ እዚያው ባንኮኒው ላይ ፈራረሰ። አክስትየዋ ጠዋት ልጅቷ ስትነቃ ያንኑ ጥያቄ ጠይቃ ያንኑ መልስ ሰምታ እንደሆነስ? እኔ ማታ ማታ ጠርሙሱን አንድ ጊዜ ባነሳው ኖሮ በእጄ አውቀው አልነበር? ለሰው ባልዲ የምትጠነቀቀውን ለልጇ አልተጠነቀቀችም። ይህ ሲገባት በሽተኛ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ቁጭ አለች።

ፋርማሲስቱ ጠርሙሱን አጋደለና ቂጡን አሳያት። ነጭ ነገር ወፍሮ ተቀምጧል። «ይሄን አንቺ ከእኔ የተሻለ ታውቂዋለሽ። የቆመ ቀለም ሳይማሰል ቢቀባ ምን ይሆናል?» «ላዩ ውሃ፣ ታቹ ጭቃ» አለች። «ይሄም እንደዚያው ነው። ቂጡ ላይ ምንም እስከማይታይሽ ድረስ ትነቀንቂዋለሽ፣ ሁልጊዜ፣ ከመስጠትሽ በፊት።» ከዚያ ሌላውንም ነገራት። ያመለጠውን ለማካካስ ደርቦ መስጠት አይቻልም፤ ማንኪያዋን ደፍታ እንደወጣች ስትነግረው ደግ አደረግሽ አላት። የቤት ማንኪያ አንዱ ከአንዱ ይለያያል፤ በሲሪንጅ ነው የሚለካው። መርፌ የሌለው ትንሽ ሲሪንጅ ከመሳቢያው አውጥቶ ሰጣት፤ ዋጋው ከአንድ ዳቦ አይበልጥም፤ ጠብታ በሥራዋ በቀን መቶ ጊዜ የምትይዘው ዓይነት ነው፤ ለቤቷ ግን አንድም ቀን አስባው አታውቅም። ከሁሉ በላይ ግን፣ አለ፣ ትኩሳቱ ከተመለሰ መድኃኒቱን መቀጠል ብቻውን አይበቃም፤ ልጅቷን ያየው ሐኪም ዛሬውኑ ደግሞ ሊያያት ይገባል። «ነገ አይደለም። ዛሬ፣ ከምሳ በፊት።»

ክሊኒኩ ከቤታቸው አምስት ደቂቃ በእግር ነው። ከዚህ ደግሞ በሁለት አውቶቡስ፣ ያውም ቶሎ ከመጡ፣ አንድ ሰዓት ተኩል። ቤት ያለችው አክስትየዋ ናት።

ከሱቁ ጀርባ ባዶ ባልዲዎች የሚደረደሩበት ጠባብ ቦታ አለ፤ ጠብታ እዚያ ገብታ ስልኳን አወጣች። የአክስትየዋ ቁጥር «እትዬ» ተብሎ እንደተመዘገበ ነው። በየቀኑ በምሳ ሰዓት ትደውልበታለች፤ አክስትየዋም ማን እንደደወለ ስታይ ቃል ሳትተነፍስ ስልኩን ለልጅቷ ታቀብላለች። ዛሬም እንደዚያው ሆነ።

«እማዬ» አለች ፖስታ፤ ድምጿ ሰልሏል።

«የኔ እናት፣ ስልኩን ለአክስትሽ ስጪልኝ።»

«ምን ልበላት?»

«ምንም አትበያት። ዝም ብለሽ ስጪያት።»

«እኔ እነግራታለሁ እኮ። ምን ልበላት?»

ጠብታ እጇን አፏ ላይ አደረገች። በዚህ ትኩሳት፣ በዚህ ሳል፣ ልጇ አሁንም ሥራዋን ልትሠራ ተነስታለች። አፈረች፤ በሕይወቷ እንደዚያች ቅጽበት አፍራ አታውቅም። «አይ፣ የኔ ቆንጆ፣ ዛሬ እኔ ራሴ ልንገራት» አለች።

ከወዲያ ማሽኑ ቆመ። ስልኩ ከትንሽ እጅ ወደ ትልቅ እጅ ሲተላለፍ ኮሽ አለ።

«እትዬ።»

«አቤት።»

«ልጅቷ ከእሑድ ወዲህ መድኃኒቷን አልወሰደችም።»

«እንዴት አልወሰደችም? በየጠዋቱ ሳትወጪ እየቀሰቀስሽ ትሰጫት የለም እንዴ?»

«እኔ? እኔ አንቺ የምትሰጫት መስሎኝ። ጠዋትም፣ ማታም።»

«ማን ነው ያለሽ?»

ጠይቃ ሳትጨርስ አክስትየዋ ወደ አልጋው ዞር ስትል የወንበሯ ጩኸት በስልኩ ተሰማ። «የኔ ነገር» አለች፤ «የኔ ነገር። ዓይኔ እያየ።»

«የኔም ነው። ሐኪሙ ዛሬ ሊያያት ይገባል አሉኝ፣ ከምሳ በፊት። እኔ እስክደርስ…»

«አንቺ እስክትደርሺ ተመልሼ እገባለሁ። ጫማዬን አድርጌያለሁ። ጠርሙሱ የታለ? መደርደሪያው ላይ የለም።»

«እኔ ይዤው ወጥቻለሁ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህች ብቻ ለሁለት ወር ኩርፊያ ትበቃ ነበር። አክስትየዋ ግን «እንግዲያው የተጻፈበትን አንብቢልኝ፣ ሐኪሙ ይጠይቀኛል» አለች። ጠብታ የመድኃኒቱን ስም ፊደል በፊደል፣ የተበጠበጠበትን ቀን፣ መጠኑን፣ ሦስት ጊዜ ብቻ እንደተወሰደ፣ አንድ በአንድ ነገረቻት፤ መለኪያ ሲሪንጅ መያዟንም ጨመረች። አክስትየዋ የሹራብ ካርቶን ቀድዳ ትጽፋለች። «ቀስ በይ» አለች በመሐል፤ «እየጻፍኩ ነው። ቀስ በይ።»

ጠብታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አንዲት ሴትዮ ለልጆች ክፍል ሰማያዊ ፈልጋ ቆማ ነበር፤ «የሰማይ፣ ግን የማያሳዝን ሰማይ» አለች። በሌላ ቀን ጠብታ እንዲህ ያለ ደንበኛ ሲመጣ ደስ ይላታል። ዛሬ ግን ነጩ ላይ ሰማያዊውን አንጠባጥባ፣ ቢጫ ጠብ ልታደርግ ስትል ከጥቁሩ ቀድታ ጨመረችበት። ባልዲው ዝናብ ያዘለ ደመና መሰለ። የሱቁ ባለቤት አየና «ጠብታ፣ ዛሬ ምን ነካሽ?» አለ፤ በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያዋ ስለሆነ ግን ሳይቆጣ ባልዲውን ለአጥር ቀለም ይሆናል ብሎ ወደ ጓዳ አስገባው። ሰዓቱ አልሄድ አለ። አምስት ሰዓት ሆነ፤ ስድስት ሆነ። ልጇን አልጋ ላይ፣ ክንዷ ላይ መርፌ ተሰክቶ፣ በነጭ ግድግዳ መሐል ታያታለች። ስድስት ተኩል ሲል ስልኳ ጮኸ። «እትዬ» የሚለው ቃል በአሥራ አንድ ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ ደወለ።

«ሰማሽ?» አለች አክስትየዋ፤ ከመንገድ ላይ ነው፣ ታለከልካለች። «አዳመጣት። ምቹ ከሳንባዋ ገና አልለቀቀም አለ። አንድ ቀን ሁለት ቀን ብንዘገይ ኖሮ አስተኛት ነበር አለ። እኔንም ተቆጣኝ፤ ዝም አልኩት፤ ምን እላለሁ? አሁን ግን ትንፋሿ ደህና ስለሆነ ቤት ትታከም ብሏል። አዲስ ጠርሙስ ነው የጻፈው፤ አሮጌው ከዛሬ የሚቆጠረው አሥር ቀን ሳይሞላ ይበላሻል፣ ተመልሶ ለመድኃኒት ቤት ይሰጥ አለ። የመጀመሪያዋን እዚያው አጠጥተናታል። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሁለተኛዋ። ቅዳሜ ደግመን እንመጣለን። ትንፋሿ ከፈጠነ ግን ቅዳሜን አትጠብቁ ብሏል።»

«አዝለሻት ነው?»

«እና ምን ላድርጋት? ተኝታልኛለች ጀርባዬ ላይ። ነይ ብቻ፣ ሲሪንጁን እንዳትረሺው።»

ማታ ጠብታ ስትገባ መጋረጃው ተገልጦ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ማሽኑ በጨርቅ ተሸፍኗል። ልጅቷ አክስቷ ጭን ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ ጉንጮቿ ቀልተው፣ አሮጌ ክር እየፈታታች ነው። ግድግዳው ላይ የካርቶን ቁራጭ ተለጥፏል፤ አክስትየዋ ሹራብ የምትነድፍበት እርሳስ ይዛ ሃያ ሳጥኖች አስምራበታለች፤ የመጀመሪያዋ ሳጥን ላይ ምልክት አለ። ከስሩ በወፍራሙ «አጠጪዋ ታመልክት፤ ልጅቷን መጠየቅ የለም» ተብሎ ተጽፏል።

አንድ ሰዓት ሲሞላ ጠብታ እጇን ታጠበችና አዲሱን ጠርሙስ ነቀነቀች። ቂጡን አየች፣ እንደገና ነቀነቀች፣ አየች። በሲሪንጁ አምስት ላይ ቀዳች፤ አረፋ ስለገባበት መልሳ ለቀቀችና በዝግታ ደግማ ቀዳች። ይህን የሚያህል ጥንቃቄ የሱቁ ባለቤት ቢያይ ደሞዝ ይጨምርላት ነበር። ልጅቷ ሲሪንጁን ስታይ አፏን ገጥማ ፊቷን አክስቷ ደረት ውስጥ ቀበረች።

«ለእናትሽ ንገሪያ…» ብላ ጀመረች አክስትየዋ። ከዚያ ቀና ብላ ጠብታን ዓይን ለዓይን አየቻት። «በጉንጯ በኩል አድርጊው። ነርሷ እንዲህ ነው ያሳየችኝ። ጉሮሮዋ ላይ አይደለም፤ በጎን፣ ቀስ እያልሽ። እኔ እይዛታለሁ።»

ቀስ እያለች ገፋችው። ትንሽ፣ ዋጠች፤ ትንሽ፣ ዋጠች። ልጅቷ እንባዋ ወረደ፣ ግን አልተፋችም። ጠብታ ተነስታ ሁለተኛዋ ሳጥን ላይ ምልክት አደረገች።

«ለምን እንዲያ አልሽ?» አለቻት ልጇን፣ አጠገባቸው ተቀምጣ። «ሳልሰጥሽ ሰጥታኛለች ያልሻት ለምንድነው? ለእኔስ?»

«ይመራል።» ልጅቷ አፍንጫዋን በአክስቷ እጅጌ ጠረገች። ከዚያ ሁለቱንም ተራ በተራ አየቻቸው። «አልሰጠችኝም ካልኩ ደግሞ ትጣላላችሁ።»

አልጋዋ ላይ አስተኟት፤ ጠብታ ራስጌ፣ አክስትየዋ ግርጌ ተቀመጡ። ሳሉ መጣ ሄደ፤ ትንፋሿን ሁለቱም በየልባቸው ይቆጥራሉ። ጠብታ የልጇን ጸጉር ዳበሰች፤ አድጎ ጆሮዋን መሸፈን ጀምሯል።

«ማሽኑ ይዞት ነበር» አለች አክስትየዋ ድንገት። «ጸጉሯን። ጎንበስ ብላ ስታይ መርፌዎቹ ጎትተው አስገቡት። በመቀስ ነው ያላቀቅኳት፤ ሌላው እንዳይበላለጥ አስተካከልኩት እንጂ ለመቁረጥ ብዬ አይደለም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ያን ዕለት ተናድጄ ነበር። በማግስቱ ግን በልጅቷ ላክሁብሽ። እሺ ብላለች አለችኝ።»

ጠብታ ይህን መልእክት ሰምታ አታውቅም። ልጅቷ ማሽን አጠገብ እንዳትደርስ ስንት ጊዜ የተቆጣቻት እሷው ናት፤ ይህን ዓይነት ደብዳቤ የትኛዋ ፖስተኛ ታደርሳለች? ወደ ትራሱ አየች። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ሽፋሽፍቷ ግን ይርገበገባል። ጠብታ ብዙ ነገር ልትል ፈልጋ ነበር። አንዱን ብቻ አወጣችው።

«አመሰግናለሁ፣ እትዬ። ስለ ዛሬው።»

አክስትየዋ እንደ መገረም አለች። «እሱንማ በየቀኑ ትልኪብኝ የለ። እማዬ አመሰግናለሁ ብላለች፣ እማዬ እጅሽ ይባረክ ብላለች፣ በየማታው። እኔ ነኝ አንድም ቀን ያልመለስኩልሽ።»

ጠብታ ስለ ድስቱ የላከችው ትዝ አላት፤ ስለ ወለሉ የላከችው፤ ስለ ማሽኑ ጩኸት የላከችው። ፊቷ ጋለ።

«አንቺስ ልከሽልኝ የለም እንዴ?» አለች ቀስ ብላ። «ደክሟት ይሆናል፣ ሻይ አለ በያት እያልሽ።»

«የቱን ሻይ?»

ሁለቱም ዞረው ልጅቷን አዩ። ዓይኗን ይበልጥ ጭምቅ አድርጋ ጨፈነች፤ እንቅልፍ የያዘው ሰው እንደዚያ አይጨፍንም።

አክስትየዋ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች፣ ማንቆርቆሪያውን አንስታ ውሃ ሞላችበት፣ እሳቱ ላይም ጣደችው።

«ደክሞሽ ይሆናል» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር። «ሻይ ላፍላልሽ።»